በጓሮ በር የማውቀው ሾርባ ቤት

በዚህች ከተማ አስራ አራት የኮሪያ ምግብ ቤቶች አሉ። ዘጠኙን አውቃቸዋለሁ። አውቃቸዋለሁ ስል ግን በአንዳቸውም ውስጥ ወንበር ስቤ ተቀምጬ፣ አስተናጋጅ ጠርቼ አላውቅም። ሥራዬ የጭስ መሳቢያ ማጽዳትና መጠገን ነው፤ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን የብረት ቆብ፣ ከቆቡ ተነሥቶ ጣራውን በስቶ የሚወጣውን ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ማራገቢያ። ጠዋት ቤቶቹ ሳይከፈቱ በጓሮ በር እገባለሁ። ቱታዬን አጠልቃለሁ፣ መሰላሌን እዘረጋለሁ፣ ፈጣሪዬን በሆዴ ጠርቼ እጄን ወደ ጨለማው እሰዳለሁ። የመጀመሪያው ደንበኛ በፊት በር ሲገባ እኔ በኋላው ወጥቻለሁ።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ሞተር እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ብዙ ጊዜም እያቃጠልኩ ነው የተማርኩት። መጽሐፍ ስላልነበረኝ ያለኝን ጆሮዬን አሠራሁት። ኩሽኔታው ያለቀ ማራገቢያ ያቃስታል፤ ስብ የከበደው ክንፍ ሲዞር ያነክሳል፤ ቀበቶው የላላ ደግሞ እንደ ተቆጣች ድመት ነው። ካቻቢቴ ከማንሣቴ በፊት ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጥፌ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። በዚህ የተነሣ በየኩሽናው ስሜ «ጆሮው» ሆኖ ቀረ። «ጆሮው መጣ፣ አፋችሁን ያዙ!» ይባባላሉ አብሳዮቹ። እኔም አልከፋም፤ ከነስሜ የሚጠራኝ ቢኖር ዞር ብዬ ሌላ ሰው የምፈልግ ይመስለኛል።

ሰው ጥሩ ምግብ ቤት ሲፈልግ ስልኩን ያያል። እኔ ማጣሪያውን አያለሁ። አንድ ዘይት ሳምንት ሙሉ የሚጠበስበት ቤት ማጣሪያው ላይ ሬንጅ ያበቅላል፤ በቢላ ካልሆነ አይላቀቅም። ንጹሕ ቤት ግን ስቡ ቢጫ ነው፣ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ሲያይ ይወርዳል። አብሳዮቹ ለራሳቸው ምሳ ከውጭ ዳቦ የሚያስገዙበት ቤትም አለ፤ ከዚያ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል? ከሁሉ የማልረሳው ግን መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ያለው ስመ ጥሩ ቤት ነው። የአጥንት ሾርባው ነጭነት ይወራለታል። እኔ ደግሞ ጓሮው ውስጥ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ተደርድሮ አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የሰው ጓዳ የገባ ሰው አፉን በር ላይ ትቶ መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን አስተካካይ ናት። ማሽን አስተካካይ ማለት ክሩ በስንት ጉልበት እንደሚጎተት፣ የቱ መንኮራኩር ስንት ጣት ከፍ ዝቅ እንደሚል የሚወስን ሰው ማለት ነው። ከወንዶቹ መካከል ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት ብዬ ልኩራራ ነበር፣ ግን ከወንዶቹም ከሴቶቹም የተሻለችው እሷ ናት። ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት። ስድስት አዳዲስ ማሽኖች ይዘው ከኮሪያ የመጡት አዛውንት መምህሯ ናቸው።

አዛውንቱ ሦስት ወር አስተማሯት። የመመለሻቸው ሳምንት በገባ በማክሰኞው ልጄ ከሥራ ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

«አባዬ፣ ጉድ ሠርቻለሁ» አለችኝ።

«ማሽን ሰበርሽ?»

«እሱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ እንግዳውን ሦስት ጊዜ ኮሪያ ምግብ ቤት ጋብዟቸዋል። ሠራተኞቹ ሥራ አስኪያጁን «ባለ አምስት ኮከቡ» ነው የሚሉት፤ ስልኩ ላይ አምስት ኮከብ ያላየበት ቤት እግሩን አያስገባም። ሦስቱም ጊዜ ሽማግሌው አመስግነው፣ ትንሽ ቀማምሰው፣ ትተው ተነሥተዋል። ፋብሪካው ውስጥ የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ ሲበሉ ነው የከረሙት። ዛሬ በስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ የቅዳሜውን የመሰናበቻ ምሳ እዚያው መስታወቱ ሕንፃ ላይ እናድርገው ሲል ልጄ እጇን አወጣች።

«'እሳቸውን ጥሩ ኮሪያ ቤት እኔ እወስዳቸዋለሁ' አልኩ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ባለበት። መምህሬም ባሉበት። ብድግ አሉና እጅ ነሡኝ፣ አባዬ። እንደዚህ፣ ጎንበስ ብለው። አሁን ካላገኘሁ የት እገባለሁ? ሦስት ወር ሙሉ እጄን ይዘው ያስተማሩኝ ሰው ጾማቸውን ሊሄዱ ነው።»

«ባለ አምስት ኮከቡስ ምን አለሽ?»

«'አንቺ ኮሪያ ምግብ የት ታውቂያለሽ?' አለኝ። 'አባቴ ያውቃል፤ በሳምንት ሦስት ቀን ኮሪያ ምግብ ቤት ነው' አልኩት።»

ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበርና ሳቋ አመለጣት። «እውነቷን ነው እኮ! ሦስት ቀን ነው። ጭንቅላቱን ጣራ ውስጥ ከትቶ!»

«ታዲያ ሰውየው ምን መሰለው?» አልኩ።

ልጄ ጫማዋን አየች። «ባለሀብት መሰልከው። 'አባትሽ ነጋዴ ናቸው?' አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ስብሰባው አለቀ።»

ውሸት አልተናገረችም። ግን ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቅር ቢለኝም ለሱ ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ከፊቴ የቆመችው የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነበር።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ሰውየው ምግቡን ሲተዉ ከምን ጀምረው ነው የሚተዉት? ሦስቱንም ቀን ንገሪኝ። አትቸኩዪ።»

ዓይኗን ጨፍና አሰበች። ይህን ከኔ ነው የወረሰችው። «መጀመሪያ ሾርባውን ነው የሚቀምሱት» አለች። «አንድ ማንኪያ። ከዚያ ማንኪያውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ ሥጋውንም፣ ሌላውንም ለይሉኝታ ነው የሚነካኩት። ሦስቱንም ቀን እንደዛ ነው። አዎ! ማንኪያውን ካስቀመጡ አያነሡትም።»

ሥጋ ጠባሾቹን አምስቱንም ከልቤ ሰረዝኳቸው። የቀሩትን አንድ በአንድ፣ ጠረናቸውንም ድምፃቸውንም እያስታወስኩ ገመገምኩ። ብዙም አልደከምኩ። አንድ ቤት ቀረ።

ቤቱን የምታሠራው ስልሳ ዓመት ያለፋት ኮሪያዊት ናት። ሁሉም «ኢሞ» ነው የሚላት፤ በቋንቋቸው አክስት ማለት ነው። የምታበስለው የአጥንት ሾርባ ብቻ ነው። ሁለት ታላላቅ ድስት አላት፤ አንዱ ሲቀዳለት ሌላው እየፈላ ስለሆነ ምድጃው ጠፍቶ አያውቅም፣ ማራገቢያውም እኔ ካላቆምኩት በቀር አርፎ አያውቅም። ስቡን ራሷ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ በጭልፋ ስትገፍፍ ነው የምትውለው። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሷ ቆብ ላይ የፋቅሁት ስብ ተሰብስቦ አንድ ብርጭቆ አይሞላም። እንደሷ ያለ ቤት ስሄድ ልሠራ ሳይሆን ልሳለም የሄድኩ ይመስለኛል፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

«አግኝቼዋለሁ» አልኳት ልጄን።

«ኮከብ አለው?»

«እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው ኩሽኔታውን ነው።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓቷ ይዣት ሄድኩ። አርባ ደቂቃ ነው ያላት፤ እየሮጥን በጓሮ በር ገባን። ሌላ በር የት ያውቀኛል? ኢሞ በጎማ ቦቲዋ እንደቆመች ልጄን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ጆሮው ልጅ?» የኛን ቋንቋ ስትናገር ሁሉንም ሰው በወንድ ነው የምትጠራው።

«አዎ፣ ልጄ ናት።»

«ጆሮ አለው?»

«ከኔ ይበልጣል።»

በሲኒ ቀድታ ሰጠቻት። ልጄ እንደቆመች ቀመሰች፣ ደገመች፣ ከዚያ ሲኒውን አዘቅዝቃ የመጨረሻዋን ጠብታ ጠበቀች። «አባዬ፣ ይሄ ምንድነው? ምንም የሌለበት ይመስላልኮ፤ ግን ሁሉም ነገር አለበት!»

ኢሞ ለቅዳሜ ስድስት ሰዓት ስድስት ሰው መዘገበች። «ሽማግሌው ስንት ዓመቱ?» ብላ ጠየቀች።

«ሰባ አንድ» አለች ልጄ።

«ጥርስ አለው?»

«ሙሉ።»

«ጥሩ። ፍጅል ኪምቺ ትልቅ ትልቁን እቆርጣለሁ።» ፍጅል ነጩ ሥር ነው፤ በቀይ ቃሪያ ዱቄት ታብላላዋለች፤ ሲነከስ ቀጭ ይላል። ስለ ጥርስ ጠይቃ ጨረሰች። እኛም ነገሩ ሁሉ የተጠየቀ መስሎን ወጣን። በኩሽናውና በምግብ አዳራሹ መካከል የተንጠለጠለውን ወፍራም መጋረጃ ገልጦ ወዲያ ማዶ ያየ ሰው አልነበረም። ልጄ ወደ ሥራዋ እየሮጠች ነበር። እኔ ደግሞ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ገልጬው ስለማላውቅ መገለጥ ያለበት ነገር መሆኑም ትዝ አላለኝ።

መምህሯ እኔም እንድመጣ ጠየቁ አለችኝ። ቅዳሜ ያለችኝን ኮት ለበስኩ። ባለቤቴ ኮሌታዬን እያስተካከለች፣ «ቆቡን ቀና ብለህ አትይ፣ ዛሬ ሰው ነህ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁና እግሬ እንደለመደው ወስዶ የጓሮ በር ላይ አቆመኝ።

«ጆሮው!» አለች ኢሞ። «ዛሬ ምን ተበላሸ?»

«ምንም። ዛሬ እንግዳ ነኝ።»

«እንግዳ በፊት በር!» ጭልፋዋን አወዛወዘችብኝ።

ልዞር ስል ከመጋረጃው ማዶ የበሩ ቃጭል ጮኸ፣ ሰዎች ገቡ። ቆም አልኩ። ልማድ ነው፤ አዲስ ድምፅ ስሰማ ሳላዳምጥ አልሄድም። ጫማ ሲወልቅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ጫማ። የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ማንም ወንበር ሲስብ አልሰማሁም። የምርኩዝ ድምፅ ብቻ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ቆመ። ሞተር ድንገት ዝም ሲል የሚመጣብኝ ዓይነት ፍርሃት መጣብኝ።

«ወንበር የታለ?» አለ የአንድ ሰው ጎርናና ድምፅ። ባለ አምስት ኮከቡ መሆን አለበት።

መጋረጃው ተገለጠና ልጄ ገባች።

«አባዬ፣ ወንበር የለም!»

«እንዴት የለም?»

«አንድም! ቤቱ ሙሉ መድረክ ነው፣ መሬት ላይ ነው የሚቀመጡት። የመምህሬ ጉልበት ደግሞ ብረት ነው፤ ማሽን ወድቆባቸው ተሠርቶላቸው አይታጠፍም። መሬት ላይ መቀመጥ አይችሉም!»

«ይሄን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም! አስራ አንድ ዓመት ስትመላለስ ቤቱ ወንበር ይኑረው አይኑረው አታውቅም?»

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ጣራውን ነው» አልኩ። እውነት ነው፤ ግን ስናገረው ለራሴም አስቂኝ ሆኖ ተሰማኝ።

ልጄ ተመልሳ ወጥታ መጋረጃው ፊት ቆመች፤ እኔ በጠርዙ አጮልቄ አየሁ። አዳራሹ ንጹሕ፣ ጠባብ፣ ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ግድግዳው በጉልበት ቁመት ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ የተነጠፈበት ነው። መድረኩ ላይ ዝቅተኛ ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ዙሪያ ጠፍጣፋ ትራሶች። ሦስት የፋብሪካ ሰዎች በካልሲያቸው ላይ ወጥተው ቆመዋል፤ ይቀመጡ ይውረዱ አያውቁም። ታች፣ ከመድረኩ ጠርዝ አጠገብ፣ ቀጭን ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ፈገግ ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል።

«አዎ፣ ለስድስት ሰው! አስር ደቂቃ! መስኮቱ ጋ ያለውን!» ዘጋና ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ምንም አይደል፣ ያጋጥማል። መኪናው ዝግጁ ነው። እዚያ ወንበር አለ፣ ሙዚቃም አለ።»

የልጄን ፊት ማየት አልቻልኩም። ከአራት ቀን በፊት ሰው ሁሉ ፊት ያነሣቻት እጅ አሁን ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛለች። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኩ በሆዴ። ጌታዬ፣ በኔ ስንፍና ልጄን አታሳፍራት።

ሥራ አስኪያጁ የሽማግሌውን ክንድ ያዝ አደረገ። ሽማግሌው ግን አልተንቀሳቀሱም። አፍንጫቸውን ወደ መጋረጃው መልሰው አንዴ ረዥም አድርገው ሳቡና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ። ከኋላዬ የቆመችው ኢሞ ከት ብላ ሳቀች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«'ቆሜም ቢሆን እበላለሁ። ይሄ ሸትቶኝ አልሄድም' አለ።»

ልጄ ይህን ስትሰማ እጇ ቀሚሷን ለቀቀ። አየኋት፤ ማሽን ፊት ስትቆም የምትሆነውን ሆነች። ወደ መድረኩ ሄዳ ጎንበስ አለችና ቁመቱን በስንዝሯ ለካች። የመምህሯን ጉልበት አየች። ወደ ኩሽና ተመልሳ ዓይኗን ግድግዳ ለግድግዳ አዞረች።

«ኢሞ፣ እነዚህን የጎመን ሣጥኖች ልውሰድ?»

«ውሰድ።»

«ያንን መክተፊያ ደግሞ?»

ኢሞ መክተፊያው ላይ እጇን ጫነች። ሰፊ፣ ወፍራም፣ መካከሉ በሠላሳ ዓመት ቢላ የጎደጎደ ጣውላ ነው። እኔ እንኳ መሰላሌን ሳስጠጋ ከሱ አንድ ክንድ እርቃለሁ። «መክተፊያ ማንም አይነካም» አለች።

ልጄ አልተከራከረችም፤ አልለመነችም። «እሳቸው ጠርዙ ላይ ይቀመጣሉ» አለች ቀስ ብላ። «እግራቸውን ወደ ታች ዘርግተው። ፊታቸው ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ሁለት ሣጥን ላይ ሁለት ሣጥን ሲደረብ ልክ ከሆዳቸው ትይዩ ይመጣል። ከላይ ጠፍጣፋ ነገር ከሌለ ግን ሳህኑ ይንጋደዳል። ሰውን ለማሽን ማጠፍ አይቻልም፤ ማሽኑን ነው ለሰው የምናስተካክለው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ኢሞ በመጋረጃው በኩል ሽማግሌውን አየች። ምርኩዛቸው ላይ እንደቆሙ አሁንም ወደ ኩሽናው ያሸታሉ። ከዚያ መክተፊያውን ራሷ አንሥታ የፈላ ውሃ ሁለቴ አወረደችበት፣ በነጭ ጨርቅ ጠረገችውና ልጄን አሸከመቻት። «ከባድ ነው፣ በወገብ አይደለም በእግር አንሣ» አለቻት።

ልጄ ሣጥኖቹን ደረደረች፣ ጣውላውን ጫነች፣ በመዳፏ ነካ አድርጋ መወዛወዙን አየች፤ ከአንዱ ሣጥን ሥር የታጠፈ ካርቶን ወሸቀች፣ እንደገና ነካች። አልተነቃነቀም። ሽማግሌው ሥራዋን ሲያዩ ቆይተው ራሳቸውን ሁለቴ ነቀነቁ። ፈተና የሚያርም ሰው አነቃነቅ ነው። ከዚያ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ የብረት እግራቸውን ዘረጉ፣ ምርኩዙን አጠገባቸው አስተኙ።

«ሌሎቻችንስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አለቃ፣ ከመምህሬ ጀርባ ከፍ ብሎ መቀመጥ ነውር ነው» አለች ልጄ። «ሁላችንም ጠርዙ ላይ ነን።»

ሦስቱም ወንዶች ከመድረኩ ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ በካልሲው፣ ሳህኑን ጭኑ ላይ ሊይዝ ከሽማግሌው ጎን ተሰለፈ። ሽቦ ላይ ያረፉ ወፎች ይመስሉ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ የመስኮቱ ጠረጴዛ ሰዎች መሆን አለባቸው። ሽማግሌውን አየት አደረገና ዘጋው።

እኔ አሁንም ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ። ኢሞ በሩጫ ሾርባውን ታመላልሳለች። ሳህን መክተፊያው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ደፍ አለ። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ። ከዚያ ምንም። የመጀመሪያው ማንኪያ አፋቸው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ማንኪያው ተመልሶ ሲቀመጥ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቅሁ። ጣውላ ላይ ስለሆነ ድምፁ ደፈን ያለ እንደሚሆን አሰብኩ፤ እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ከላይ ማራገቢያው ይዞራል፤ ባለፈው ወር ኩሽኔታውን ቀይሬው ስለነበር ለስለስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ከሱ ሥር የዝንብ ድምፅ እንኳ ይሰማል። ጠበቅሁ።

ማንኪያው እንደገና ሳህኑን ነካ። እንደገና። ከዚያ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ ፍጅሉ ቀጭ አለ። ከዚያ ሰውየው ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሲጠጡ የሚሰማው ያ ያገር ልጅነት ድምፅ መጣ፤ ማንም ፊት የማይጠጣ፣ ቤት ውስጥ ብቻ የሚጠጣ አጠጣጥ። ግንባሬን ቱቦው ላይ አስደገፍኩና አመሰገንኩ።

«እኔን!» አለ የባለ አምስት ኮከቡ ድምፅ፣ አፉ ሙሉ ነው። «ይሄ ቤት እንዴት ስልኬ ላይ የለም? ለመሆኑ አባትሽ የታሉ? እኚህ ባለሀብት ይመጣሉ አልተባለም?»

ጣልቃ ገብቼ ልረዳት አሰብኩና ተውኩት። ዓረፍተ ነገሩ የሷ ነው።

«አለቃ» አለች፤ ድምፅዋ ከተለመደው ከፍ ብሎ ነበር፣ ኩሽናም አዳራሽም እንዲሰማ። «አባቴ ባለሀብት አይደለም። የዚህን ቤት ጭስ መሳቢያ የሚያጸዳው እሱ ነው። የስምንት ሌሎች ኮሪያ ቤቶችንም ያጸዳል። ሀያ ሁለት ዓመት። በሳምንት ሦስት ቀን ያልኩዎት ለዚህ ነው። ማክሰኞ ዕለት ይሄን ሳልነግርዎት ቀረሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄን ቤት ያገኘው በአፉ አይደለም፣ በእጁና በጆሮው ነው። አሁን ደግሞ እዚያ መጋረጃ ኋላ ቆሞ እያዳመጠን ነው፤ ልማዱን አውቃለሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ወደ ጓሮ በር ሁለት እርምጃ ሄጄ ነበር፣ ከኀፍረት አይደለም፤ ዓይኔ ስለረጠበ ነው። ደረሰችብኝና እጄን ያዘች።

«ወዴት ነው?»

«በፊት በር ልዞር ነበር። ኢሞ እንግዳ በዚያ ነው ብላለች።»

«ና በዚህ!» አለችና ጎትታ በመጋረጃው አወጣችኝ።

ሽማግሌው ሊነሡ ሲታገሉ «በፍጹም፣ በፍጹም» ብዬ ትከሻቸውን ያዝኩ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ። እጄን ገልብጠው አዩት፤ ጥፍሬ ሥር ያለውን፣ ሳሙና የማይደርስበትን ጥቁር መስመር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። የሳቸውም ጥፍር ሥር ያው መስመር አለ፤ የማሽን ቅባት ነው። ወደ ላይ ቀና ብለው ጣታቸውን ወደ ኩሽናው ጠቆሙና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«'ማራገቢያው ምንም አይሰማም። ጠፍቶ ነው ወይስ እየሠራ?' ይላል» አለች ኢሞ።

«እየሠራ ነው በያቸው።»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ቅንድባቸውን አነሡ፣ ረዥም ጊዜ ተናገሩ። ኢሞ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«'ይሄ ልጅ ክር ከመበጠሱ በፊት ይሰማል' ይላል። 'ሌላው ከተበጠሰ በኋላ ነው የሚያየው። ማሽኑን እኔ አስተማርኩት። መስማቱን ግን ይዞት መጣ፤ ከየት እንደሆነ ሦስት ወር ስጠይቅ ነበር' ይላል።»

ሰው ሲናገር መስማት ነው የምችለው። ልጄን አየኋት፤ ሳህኗ ላይ አቀርቅራለች፣ ጆሮዎቿ ቀልተዋል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው» አልኩ። ኢሞ እንዴት ብላ እንደተረጎመችው አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣኋቸው፣ ግንባራችን ሊጋጭ ምንም አልቀረው።

ባለ አምስት ኮከቡ ሳህኑን ጭኑ ላይ እንደያዘ ወደኔ ተጠጋ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ መስታወቱ ሕንፃ ላይ ያለው እንዴት ነው?»

«የሰው ጓዳ አላወራም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን እዚያም የአጥንት ሾርባ አለ። እንዲያውም ከዚህኛው ነጭ ነው! እንደ ወተት!»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት አዋቂ ነኝ። ሰውየው ፊቴን አየ፣ ሳህኑን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። «ኧረ አይደረግም!» አለ።

«እኔ ምን አልኩ?» አልኩት።

ልጄ ሳቋን መያዝ አቅቷት ትን አላት። ሽማግሌው ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ በሌላ እጃቸው ባዶ ሳህናቸውን አነሡና ብርሃን ላይ አዘንብለው ውስጡን አሳዩዋት። ከዚያ ሦስት ወር የተማሩትን የኛን ቋንቋ አሰባስበው፣ ቃል በቃል እየፈለጉ፣ «አንድ... ሌላ... ይቻላል?» አሉ።

«ይቻላል!» አለች ልጄ። ሳህኑን ተቀብላ ተነሣች። ስትሄድ አየኋት፤ ማሽኖቹ መካከል እንደምትሄደው፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ሰው መንገድ እንደሚለቅላት እያወቀች። መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ ገባችና ራሷ ጭልፋውን ስታነሣ ሰማኋት። ኢሞ አልከለከለቻትም።

ባለ አምስት ኮከቡም ተነሥቶ፣ በካልሲው፣ ባዶ ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ መጋረጃው ፊት ቆሟል። «እኔም አለሁ እንግዲህ!» አለ ወደ ውስጥ።

«ተራ ይጠብቁ፣ አለቃ!» አለች ልጄ ከኩሽናው። «መጀመሪያ የመምህሬን ነው የምሞላው። ቀጥሎ የአባቴን።»